አሮጌው ኤምጂ ወይስ አዲሱ? ጎንደር ላይ መኪናውን ለሚይዝ ሰው

ሁለቱም አፍንጫቸው ላይ ያ ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት አለ። ሁለቱም ኤምጂ ይባላሉ። ከዚያ ውጭ የሚያዛምዳቸው ነገር ብትፈልጉ ብዙም አታገኙም። አንዱ እንግሊዝ አገር አቢንግደን በምትባል ትንሽ ከተማ የተሠራ፣ ቤንዚን የሚጠጣ፣ ጣሪያው የሚገለጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ የድሮ ስፖርት መኪና ነው። ሌላው ቻይና ተመርቶ ማታ ማታ ሶኬት ላይ የሚሰካ የኤሌክትሪክ መኪና ነው።

የትኛው ያምራል ብላችሁ አትጨቃጨቁ። አሮጌው ነው የሚያምረው፣ ጨረስን። ጎንደር ላይ መኪና ለሚይዝ ሰው የሚያዋጣው ጥያቄ ሲበላሽ ማን ይነካዋል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆናል። አሮጌውን ማግኘት መከራ ነው፤ ከተገኘ በኋላ ግን ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ያለ የድሮ መካኒክ ፈቶ ይገጥመዋል። አዲሱ ገንዘብ ካለ በቀላሉ ይመጣል፤ አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ቢያወጣ ግን ከተማው ውስጥ ያንን ጽሑፍ የሚያነብ መሣሪያ ያለው ሰው መፈለግ ሊኖርባችሁ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ታሪኩን ቶሎ እንለፈው። ዊሊያም ሞሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ኦክስፎርድ ውስጥ ሞሪስ ጋራዥስ የሚባል ቤት ነበረው፤ ኤምጂ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሲሲል ኪምበር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የሞሪስን መኪኖች አካል እየቀየረ፣ ሞተራቸውን እየነካካ ስፖርት መኪና ማውጣት ጀመረ። በ1929 አቢንግደን ገቡ፣ በ1980 ፋብሪካው ተዘጋ። ስሙ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆየ። በ2000 ቢኤምደብሊው ሮቨርንና ኤምጂን አንድ ላይ በ10 ፓውንድ ሸጣቸው። አዎ፣ አሥር ፓውንድ። በ2005 ኩባንያው ከሰረ፤ ናንጂንግ የሚባል የቻይና ድርጅት ንብረቱን ገዛ፤ በ2007 ደግሞ የሻንጋዩ ሳይክ ናንጂንግን ጠቀለለው። ዛሬ ኤምጂ የሚባለው መኪና ቻይና፣ ታይላንድና ሕንድ ይመረታል፤ እንግሊዝ ራሷ አስመጥታ ነው የምትነዳው።

ወረቀቱ መጀመሪያ

ከውጭ አሮጌ ኤምጂ አስመጣለሁ ብላችሁ ከሆነ ተዉት። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳውቋል። ከዚያ በፊትም ቢሆን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኖባቸው ነበር። ስለዚህ ያለው መንገድ አገር ውስጥ ያለ፣ ሊብሬ ያለው፣ ታርጋው ላይ ያለ መኪና መፈለግ ነው። ብርቅ ነው፣ ግን ጨርሶ አይታጣም። ብዙውን ጊዜ አንድ አሮጌ ጊቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ፣ ጎማው ተኝቶ፣ ባለቤቱ ወይ ወራሾቹ «አንድ ቀን እናሠራዋለን» እያሉ የቆመ ይሆናል።

የኤሌክትሪኩ ነገር ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ በሩ ተከፈተ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ማንም አስመጪ ጋ ገብታችሁ «ኤምጂ 4 ፈልጌ ነበር» ብትሉ ቀብድ ጠይቆ ያመጣላችኋል።

አሮጌውን ስትመርጡ

ኤምጂ ቢ የሚባለውን ሞዴል ፈልጉ። ሌላውን እርሱት። ከእሱ በፊት የነበሩት እነ ኤምጂ ቲ የሚባሉት ያምራሉ፣ ግን ከላሜራው ሥር የእንጨት ፍሬም አላቸው፤ ያንን የሚያድስ አናጢ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ኤምጂ ቢ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። በዚህ ብዛት የተነሳ እስከ ዛሬ መለዋወጫው እንግሊዝ ውስጥ እንደ አዲስ ይመረታል፤ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የሚባለው ድርጅት ከ1988 ጀምሮ ሙሉ ቦዲውን ሳይቀር በድሮው ቅርጽ ማውጫ እያተመ ይሸጣል። ሞተሩ ቀላል ነው፦ 1798 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ሁለመናው የብረት ቁርጥ። ኮፈኑን ስትከፍቱ ሁሉም ነገር ይታያል፤ እጅም ይገባል።

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። የኤምጂ ቢ ቁጥር ጣሪያው ለሚገለጠው «ጂ ኤች ኤን»፣ ጣሪያው ድፍን ለሆነው «ጂ ኤች ዲ» ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ካለው ቁጥር በኋላ «ኤል» ካለ መሪው በግራ ነው ማለት ነው። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ኢትዮጵያ በቀኝ መንዳት የጀመረችው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የገባ መኪና መሪው በቀኝ ሊሆን ይችላል። መሬት ላይ የተኛ መኪና ውስጥ ቀኝ ተቀምጣችሁ ከፊታችሁ ያለውን ኢሱዙ ለመቅደም ስትሞክሩ የሚታያችሁ የኢሱዙው ጎማ ብቻ ነው።

ዝገቱን ለማየት ኪሳችሁ ውስጥ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ከበሩ ሥር ያለው የላሜራ ሳጥን ላይ ማግኔቱ ካልያዘ ቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ጣሪያ የሌለው መኪና ጥንካሬው ያለው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው፤ እሱ ከበሰበሰ መኪናው ወገቡ ላይ ይታጠፋል። ሌላም ዘዴ አለ። በሩን ዝጉና በበሩና በቦዲው መካከል ያለውን ክፍተት በዓይናችሁ ያዙት። ከዚያ መኪናውን በጎኑ በክሪክ አንሱት። ክፍተቱ ከተለወጠ ወይም በሩ አልከፈትም ካለ፣ ሻጩን አመስግናችሁ ተመለሱ፤ ወይ ደግሞ ዋጋውን የበያጅና የላሜራ ሠሪ ወጪ ቀንሳችሁ ተነጋገሩ። ለምን እንደቀነሳችሁ ካሳያችሁት ብዙ ሻጭ አይከራከርም።

አንድ የማይወደድ አስተያየት ልስጥ። ከ1974 መጨረሻ በኋላ የተሠሩት በአሜሪካ ሕግ ምክንያት ትልቅ ጥቁር ጎማ ባምፐር ተደረገባቸው፣ ቁመታቸውም አንድ ኢንች ያህል ከፍ ተደረገ። የመኪናው አፍቃሪዎች እነዚህን ይንቋቸዋል፤ ኩርባ ላይም ይንገዳገዳሉ ይላሉ፣ እውነት ነው። እኔ ግን ለጎንደር ኮብልስቶን እነሱን እመርጣለሁ። ያቺ አንድ ኢንች ማርሚታውን ታተርፋለች። ዋጋቸውም ይቀንሳል። ብቻ ለአሜሪካ ከተሠሩት ውስጥ ከ1975 ጀምሮ ያሉት አንድ ካርቡራተር ብቻ ነው ያላቸው፤ ሁለት ካርቡራተር ያለውን ካገኛችሁ አትለፉት።

ገመዱ የተገለበጠ መኪና

ይሄን ለብቻው ማንሳት አለብኝ፣ ምክንያቱም እዚህ ስንት ነገር የሚቃጠልበት እሱ ነው። እስከ 1967 የተሠሩት ኤምጂ ቢዎች የባትሪው ፖዘቲቭ ነው ቦዲው ላይ የሚታሰረው። ዛሬ ያሉት መኪኖች በሙሉ ነጌቲቭ ናቸው። አንድ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን መቀመጫውን ወደ ፊት ገፍቶ፣ ከኋላው ያለውን ክዳን አንስቶ ሲያይ «ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው ገልብጦ ያሰረው?» አለኝ፤ መፍቻውን አውጥቶ ሊያስተካክለው እጁን ሰዷል። ማንም አልገለበጠውም፤ ፋብሪካው ነው። እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ታስረው ተቀምጠዋል፤ ይሄም እስከ 1974 ነው።

ሁለቱን ባትሪ አውጥታችሁ አንድ ባለ 12 ቮልት አስገቡ። ጎንደር ላይ ባለ 6 ቮልት ፍለጋ መዞር ጊዜ መግደል ነው። ነጌቲቭ ለማድረግ ከወሰናችሁ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ግን ዲናሞውን እንደ አዲስ ማንቃትና የኢግኒሽን ኮይሉን ገመድ ማቀያየር እንዳይረሳ። ካልቀየራችሁት ደግሞ ክዳኑ ላይ በትልቁ «ፖዘቲቭ ቦዲ» ብላችሁ በቀለም ጻፉ። ለስልክ ቻርጀር ብላችሁም ሆነ ለሬዲዮ ማንም ገመድ እንዳይቀጥልበት።

ካርቡራተሩና የጎንደር አየር

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ካርቡራተሩ ግን እንግሊዝ ላይ፣ ባሕሩ ደረጃ ላይ ነው የተስተካከለው፤ ስለዚህ እዚህ ሲመጣ ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ ይበዛበታል። ምልክቱን ታውቁታላችሁ፦ ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ካንዴላው ሲፈታ ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። ጉልበቱም ይቀንሳል። 95 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው ሞተር እዚህ ወደ 75 ይወርዳል፤ ይሄኛውን ማስተካከያ አይመልሰውም፣ አየር ከየት ይመጣል።

የቤንዚኑን ብዛት ግን በእጃችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ኤስ ዩ ከሚባሉት ካርቡራተሮች የቀደሙት ከሥራቸው ባለ ስድስት ጎን ነት አላቸው። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። የአየር ማጣሪያዎቹን አውልቁ። በካርቡራተሩ አፍ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ፒስተን አለ፤ በቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ከፍ አድርጉትና ጆሯችሁን ስጡ። ሞተሩ ፍጥነት ጨምሮ እዚያው ከቆየ ቤንዚኑ በዝቷል። ወዲያው ሊጠፋ ካለ አንሷል። ለአፍታ ከፍ ብሎ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልክ ነው። ከበዛ ነቱን ወደ ላይ አዙሩት፤ አንድ ጎን ብቻ፣ ማለትም የዙሩን አንድ ስድስተኛ። እንደገና አዳምጡ። ሁለቱንም ካርቡራተር በእኩል አዙሩ፣ አለዚያ አንዱ ሲጎትት አንዱ ይጎተታል። በላዩ ላይ ያለችውን ጥቁር ክዳን ፈታችሁም ዘይት መኖሩን እዩ፤ ደርቆ ከሆነ ቤንዚን ስትረግጡ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። እዚህ የሚቸኩል ሰው አፍሶ ይለቅማል፤ በየጎኑ አንዴ ማዳመጥ ነው ያለው።

እዚህ ያስተካከላችሁትን ይዛችሁ ወደ መተማ ብትወርዱ ቆላው ላይ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ትንሽ ጎን መልሱለት። ወደ ደባርቅ ብትወጡ ደግሞ አምባ ጊዮርጊስ ላይ እንደገና ይከብደዋል፣ ግን ለአንድ ቀን መንገድ ብላችሁ አትነካኩት።

ራዲያተሩንም አየሩ ይነካዋል። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። መኪናውን የሚያድነው በራዲያተሩ ክዳን ውስጥ ያለው ግፊት ነው፤ የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ጎሃ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ስትወጡ ያፈላል። ክዳኑ ትንሽ ነገር ነው፣ ቀይሩት።

ቤንዚኑን ከማደያ አግኝታችሁ ከቀዳችሁ እሰየው። ከጀሪካን ከሆነ መጀመሪያ በነጭ የውሃ ጠርሙስ ቀድታችሁ ጥቂት አቆዩት፤ ውሃ ካለበት ሥሩ ላይ ለብቻው ይታያል። ውስጡ የሚታይ ማጣሪያም ከካርቡራተሩ በፊት አስገቡ። የቤንዚን ፓምፑ ኤሌክትሪክ ነው፤ ቁልፉን ስትከፍቱ ከኋላ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ሲሞላ ዝም ይላል። ድምፁ ጨርሶ ከሌለ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉት። አሳፋሪ ይመስላል፣ ግን ዓለም ላይ ያለ የኤምጂ ባለቤት ሁሉ የሚያደርገው ነው።

መፍቻና መካኒክ

የኤምጂ ቢ ብሎኖች በኢንች ናቸው። ጋራዦቻችን በቶዮታ ስለተሞሉ መፍቻው ሁሉ በሚሊሜትር ነው። 13 ቁጥር መፍቻ ግማሽ ኢንቹ ላይ ይገባል፣ ግን ይላላል፤ አንዴ ሁለቴ ካንሸራተተ የብሎኑን ጥርስ ይበላዋል። የራሳችሁን የኢንች መፍቻ ሙሉ ሴት ግዙና መኪናው ውስጥ አኑሩ። መካኒክ ስትመርጡ ደግሞ ዕድሜውን እዩ። ድሮ በላንድሮቨር፣ በቮልስና በሲቼንቶ ላይ ያደገ ሰው ፑንቲና እንዴት እንደሚስተካከል፣ ካርቡራተር እንዴት እንደሚታጠብ እጁ ያውቀዋል። ኮምፒውተር ሰክቶ የሚፈልገው ወጣት ጥፋቱ አይደለም፣ የሚሰካበት ቦታ የለም።

መለዋወጫው በሻንጣ ነው የሚመጣው። ለንደን ዘመድ ካላችሁ «ምን ላምጣልህ?» ሲላችሁ ሽቶ አትበሉ። ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የካርቡራተር ጥገና ኪት፣ የፍሬን ጎማዎች፣ ኤታኖል የማይበላው የቤንዚን ቱቦ በሉት። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ኪሎ ቢሞላ ነው። ከባዱ፣ ማለትም ቴስታታና ማርሚታ፣ እዚሁ ይሠራል። ቴስታታው በወረደ ጊዜ ያለ እርሳስ ለሚመረተው የዛሬ ቤንዚን የሚሆኑ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫዎች አስገጥሙ፤ ለዚያ ብላችሁ ብቻ ግን አታውርዱት።

የፊት ጎማዎቹ ማዞሪያ ግራሶ ይፈልጋል። ክረምት ሲወጣ፣ ጭቃው ሲደርቅ፣ ሁሌም። ግራሶ ያላየ ኤምጂ መሪው እንደ ድንጋይ ይከብዳል።

አሁን ወደ አዲሱ

ብዙ የማልጽፈው መኪናው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የሚነካ ነገር ስለሌለው ነው። ኤምጂ 4 በደንብ የተሠራ መኪና ነው፤ ስሱ አየር አይገደውም፣ ጎሃን ሲወጣ ትንፋሹ አይቆራረጥም፣ በቤንዚን ሰልፍ አጠገብ ስታልፉ ደስ ይላችኋል። ሥራው ያለው ከመግዛታችሁ በፊት ነው።

መጀመሪያ የትኛው አገር መኪና እንደሆነ ለዩ። ለቻይና ገበያ የተሠራው ኤምጂ 4 እዚያ ሙላን በሚል ስም ነው የወጣው፤ ስክሪኑ ቻይንኛ ነው፣ የቻርጅ መሰኪያው ጂቢቲ የሚባለው ዓይነት ነው፣ የስልክ አፑም የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ለአውሮፓ የተሠራው ስክሪኑ እንግሊዝኛ፣ መሰኪያው ሲሲኤስ 2 ነው። በየትኛውም መንዳት ይቻላል። ግን ቤታችሁ የምትገጥሙት ቻርጀርና በመንገድ የምታገኙት ቻርጀር ከመኪናው ጋር አንድ ቋንቋ መናገር አለበት፤ መቀየሪያ አዳፕተር ቢኖርም ያው ሌላ ሊበላሽ የሚችል ዕቃ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ኤምጂ ለ7 ዓመት ዋስትና ይሰጣል እያላችሁ አትጽናኑ፤ ያ ዋስትና ከመኪናው ጋር መርከብ ላይ አይሳፈርም። የሚሠራላችሁ ያመጣላችሁ ሰው በወረቀት የፈረመላችሁ ብቻ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እዚህ ላይ ሞኝ መሆን አያስከፋም።

ባትሪውን ስትመርጡ ትንሹን፣ 51 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘውን ውሰዱ። ኤልኤፍፒ የሚባለው ዓይነት ነው፤ እስከ 100 መሙላት አይጎዳውም፣ እንዲያውም በሳምንት አንዴ ሙሉ ለሙሉ ቢሞላ ልኩን በትክክል ያነባል። ትልልቆቹ ግን ለዕለት ተዕለት 80 ላይ ቢቆሙ ነው ዕድሜ የሚኖራቸው። የትንሹ የፋብሪካ ርቀት በአውሮፓ መለኪያ 350 ኪሎሜትር ነው። ባሕር ዳር 180 ገደማ ስለሆነች መንገዱ ሰላም ከሆነ ትደርሳላችሁ፣ ደርሶ መልስ ግን ሳይሞላ አይሆንም። ደባርቅ መቶ ኪሎሜትር ቢሆንም ሽቅብ ነው። ሰውና ዕቃ የጫነ መኪና ሽቅብ መቶ ሜትር በወጣ ቁጥር ከመደበኛው ፍጆታ በላይ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ስትመለሱ ቁልቁለቱ ከዚያ ብዙውን ይመልስላችኋል። ቤታችሁ ከፍታ ላይ ከሆነ ጠዋት ስትወጡ 100 አታድርጉት፤ ባትሪው ሞልቶ ስለሚሆን በቁልቁለት የሚገባው ጉልበት ቦታ ያጣና ፍሬኑ ብቻውን ይሠራል።

የቤታችሁ መብራት

ተራ ሶኬት ላይ በ10 አምፔር ብትሰኩት 2.2 ኪሎዋት ነው የሚገባው። 20 በመቶ ላይ ያለ ባትሪ እስኪሞላ ወደ 20 ሰዓት ይፈጃል፣ መብራት ካልጠፋ። 32 አምፔር የሚችል መስመር ካስዘረጋችሁ ወደ 6 ሰዓት ይወርዳል። ለዚያ ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው የሚመጣ፣ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ ገመድ፣ የራሱ ብሬከር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ግራውንድ ያስፈልጋል። ከተማችን ውስጥ ብዙ ቤት ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት አለው፣ ሦስተኛው ቀዳዳ ግን ከምንም ጋር አልተገናኘም። ቻርጀሩ ያንን ያውቃል። ቀይ መብራት ያበራና አልሞላም ይላል፤ ሰው ደግሞ ቻርጀሩ ተበላሸ ብሎ ይመልሰዋል። መኪናው ከመምጣቱ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ አስቀብሩና አስለኩ። ኤክስቴንሽን ላይ ማታ ሰክቶ መተኛትን እንዳታስቡት።

ጎሚስታው ጋ ስትሄዱ ከመኪናው አትራቁ። ባትሪው ወለሉን በሙሉ ሞልቶ ሥር ነው ያለው፤ ክሪኩ የሚያርፍባቸው የተወሰኑ ቦታዎች አሉ፣ ከዚያ ውጭ ካረፈ የመኪናውን ውድ ዕቃ ነው የሚወጋው። ቦታዎቹን በቀለም ነጥብ ምልክት አድርጉባቸው። ኤምጂ 4 ትርፍ ጎማ ይዞ አይመጣም፤ የጎማውን ቁጥር ጻፉና ከመኪናው በፊት አንድ ትርፍ ግዙ። ከቆመባችሁም በገመድ አታስጎትቱት። ጎማው ሲዞር ሞተሩ አብሮ ይዞራል፣ ሊበላሽም ይችላል፤ መጫኛ መኪና ነው የሚያስፈልገው።

አንድ ነገር ግን ከአሮጌው ጋር ያመሳስለዋል። አዲሱም ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው አይነቃም፣ በሩም አይከፈት ይሆናል። ብዙ ሰው «ኮምፒውተሩ ተቃጠለ» ብሎ የሚደነግጠው በዚህች ባትሪ ነው። መጀመሪያ እሷን አስለኩ።

ስለ ሳይበርስተር ለምን አልጻፍክም የምትሉ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው፣ ጣሪያው የሚገለጠው፣ በሩ ወደ ላይ የሚከፈተው አዲሱ የኤምጂ ስፖርት መኪና፤ ባለ ሁለት ሞተሩ ከቆመበት መቶ ለመድረስ 3 ሰከንድ ከምናምን ነው የሚበቃው። የጥንቱን ስም ቢያንስ ከልቡ ይዞ የመጣው እሱ ነው። ግን ፒያሳ ላይ ከባጃጅ ኋላ ለመሄድ 3 ሰከንድ ምን ያደርጋል።

እንግዲህ የትኛውን? በየቀኑ ከማራኪ አዘዞ የምትመላለሱ፣ ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርሱ ከሆነ አዲሱን ያዙ፣ ምንም አታቅማሙ። ቤት ሌላ መኪና ያላችሁ፣ እሑድ ከሰዓት ኮፈን ከፍቶ ማጎንበስ የሚያዝናናችሁ፣ በጋው ላይ ጣሪያውን አውርዳችሁ በፋሲል ግቢ አጥር ዙሪያ ቀስ ብላችሁ መንዳት የሚያምራችሁ ከሆነ አሮጌውን ፈልጉ። አሮጌው ብቸኛ መኪናችሁ አይሁን፤ ጥምቀት ሰሞን የሻይ ጠጪው አስተያየት ብቻ ያሰለቻችኋል። ሁለቱንም ለመያዝ አቅም ያለው አሮጌውን አስቀድሞ ይግዛ፤ በዓመት በዓመቱ የሚቀንሰው የአዲሱ ዋጋ ነው።

ለአዲሱ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ላኩልኝ በሉ። ሳይክ ቻይና የሠራው ኤምጂ «ኤል ኤስ ጄ» ብሎ ይጀምራል። ከግራ አሥረኛዋ ፊደል የሞዴሉን ዓመት ትነግራችኋለች፦ «ፒ» 2023፣ «አር» 2024፣ «ኤስ» 2025። የተነገራችሁ ዓመትና ፊደሏ ካልተስማሙ፣ ወይም ሰውዬው ፎቶውን ነገ ዛሬ እያለ ካዘገየ፣ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩ።